ራዲያተሩ የሳቀበት ዊንተር

በኮሎምበስ ከተማ፣ ከግሮቭ ሲቲ ዌርሃውሶች እስከ ሾርት ኖርዝ ቡና ቤቶች ድረስ ብትፈልጉ፣ የቤት ማሞቂያን በጆሮው ብቻ አዳምጦ በሽታውን የሚናገር ሰው አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጠው ነው የማዳምጠው። ብረቱ ሲያጉረመርም አየር ይሁን፣ ውሃ ይሁን፣ ክፋት ይሁን ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳምራዊት ኮል አደረገችልኝ። እሷና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ የሚኖሩት እኔ ባደግኩበት ቤት ነው፤ ካምፓሱ አጠገብ ያለው፣ ባለ ቀይ ጡቡ፣ አባቴ ከስደት መጥቶ የገዛው። “ዳድ፣ ራዲያተሩ አጌን” አለችኝ። መሣሪያዬን ይዤ በረርኩ። ተማሪዎቹ እያዩኝ በግርማ ሞገስ ተንበረከክኩና ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ሙሉ ሥራ ላይ መሆኑን ግን ሳላዳምጥ ቀርቻለሁ። ጩኸቴ ሃይ ስትሪት ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። ይህንን የምጽፈው ግራ ጆሮዬን ቅባት ተቀብቼ ነው።

“ዳድ፣ ኢትስ ኦልዌይስ ወርስ አፍተር ዩ ኮም” አለች ሳምራዊት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ እያቀበለችኝ። መጥተህ በሄድክ ማግስት ነው የሚብሰው ማለቷ ነው።

የኔ ጥርጣሬ ግን ሌላ ላይ ነበር። ከጓደኞቿ አንዷ ዝምተኛ ናት። ሥጋ አትበላም፤ በር ስትዘጋ ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ባይጮህ ነው የሚገርመኝ። ልጅቷን በቀኝ ዓይኔ እየጠበቅኩ፣ ከቁልፎቼ መሃል የትኛውንም በር የማትከፍተውን ትንሽ የነሐስ ቁልፍ አወጣሁ። ራዲያተሩ ጎን ላይ ሰክቼ ጥቂት አዞርኳት። ሽ…ው አለ። አየሩ ወጥቶ ሲያበቃ ጥቁር ውሃ ኩባያዬ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ሽታውም አብሮ መጣ። ላብ ባጠመቀው ጭብጥ ውስጥ የቆየ ሳንቲም፣ ዝናብ የመታው የምስማር ቆርቆሮ። ሌላ ሰው “የዛገ ውሃ” ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የነበረው የእግሬ ሽታ ነው።

ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ ያልተጠረጠረ አልነበረም።

ቤቱን የገዛነው መከር ላይ ነው። አባዬ ዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ይሠራል፤ እማዬ ሆቴል ክፍሎች ታጸዳለች። ከዚያ በፊት የነበርነው አፓርትመንት ውስጥ ሙቀት ከግድግዳ ቀዳዳ እፍ እያለ ይመጣ ነበር። አዲሱ ቤት ግን በየመስኮቱ ሥር የከሳ በሬ ጎድን የመሰለ ብረት ተቀምጦበታል። ቤዝመንት ያለው ቦይለር ውሃ ያሞቅና በቧንቧ ወደየብረቱ ይልካል ተባልን። ከካርቱም የመጣ ሰው ስለ ማሞቂያ ምን ያውቃል? እዚያ የምናውቃት ማሞቂያ ፀሐይ ነበረች፤ እሷም ማጥፊያ አልነበራትም።

ቅዝቃዜው ሲበረታ ድምፁ ጀመረ። ማታ እራት ቀርቦ አባዬ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቴርሞስታት ከፍ ሲያደርግ፣ መጀመሪያ ከሳሎኑ ብረት ጉርርር የሚል፣ በልቶ የጠገበ ሰው ሆድ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ከዚያ ይስቃል። እውነቴን ነው፤ ክክክክ ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ በግድግዳው ውስጥ ደረጃውን ወጥቶ ፎቅ ላይ ካለው ብረት ጋር ይቀባበላል። ጉርሻ ያነሳ እጅ አየር ላይ ይቀራል። እርስ በርሳችን እንተያያለን።

አባዬ የሚጠረጥረው ቤቱን የሸጠልንን ፈረንጅ ነበር። “ሲፈርም እየሳቀ ነበር” ይላል። “እኔ በሕይወቴ ቤቱን ሲለቅ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።” ሽማግሌው ቤቱን ቢሸጥም ልቡን እዚሁ ትቶ ነው የሄደው ሲል ሰምቼው፣ እኔ ነገሩ ገባኝ፤ ልቡ ግድግዳው ውስጥ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚለው እሱ ነው። በኮሪደሩ ሳልፍ ግድግዳውን ላለመንካት ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር የምሄደው። እናቴ ግን ፈረንጁን ንቃ ትታዋለች። እሷ የምትጠረጥረው ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ነው።

ፎቅ ላይ ያለው ሰው ጋሼ ደምሴ ነው። ካርቱም ከአባዬ ጋር አንድ ግቢ የኖረ፣ አሁን ጠባቧን ክፍል የተከራየን። ግሮቭ ሲቲ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የማታ ሺፍት ይሠራል። እኛ እራት ስንቀርብ ይወጣል፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ይገባል። ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ፣ ድምፁ ከድመት የሚያንስ ሰው ነበር። ሚስቱ ካርቱም ቀርታ፣ ወደ አሜሪካ የመምጣት ጉዳይዋ የተያዘው በእኛ ቤት አድራሻ ነው። አድራሻ ቀይረው ጉዳያቸው ጠፍቶ የሚንከራተቱ ሰዎች ያውቃል። ስለዚህ “እሷ በዚህ በር እስክትገባ ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም” ይል ነበር። ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚረዝም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

“ለምን ነው ንቅንቅ የማይለው?” ትላለች እማዬ እሱ ሲወጣ። “ምን ይዞ ነው?”

እንግዲህ እትዬ ጌጤ የመጡት ቅዝቃዜው በጀመረበት ሰሞን ነው። የአባዬ አክስት ናቸው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚሠራ ዕቃን ሁሉ የሚጠረጥሩ። ማይክሮዌቭ ፊት ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ በጎን ነው የሚያልፉት። የጎረቤታችን ውሻ ኮት ለብሶ ሲያልፍ በመስኮት አይተው፣ “ልብስ የሚለብስ ውሻ ነገር ያውቃል” ብለው መጋረጃውን ዘጉ። አሜሪካ ውስጥ ያመኑት አንድ ቦታ ቤዝመንቱን ነው። ሁላችንም የምንፈራውን! ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው አይመጣበትም፣ ለጸሎት ይመቻል ብለው ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ። እየጸለዩ ነው ተብሎ ማንም አይረብሻቸውም። ቅዱሳኑ ራሳቸው ቢመጡ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬ በረዶ ጠጥቶ፣ ካልሲዬ እንደታጠበ ጨርቅ የሚጨመቅ ሆኖ፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆነው ነው። እትዬ ጌጤ በሩ ላይ ሰማያዊ ሳፋ ይዘው ይጠብቁኛል።

“ና፣ የበረዶ ልጅ! እግር!”

ሙቅ ውሃ ነው። ገና ሲነካኝ ያመኛል፤ ከዚያ ያሳክከኛል፤ ከዚያ መንግሥተ ሰማያት ነው። በየጣቶቼ መሃል እየገቡ ያሹኛል፤ እያሹኝም ስለ ጋሼ ደምሴ ይጠይቁኛል። ስንት ሰዓት ነቃ? ምን ይዞ ነበር? ሲያይህ ፈገግ አለ ወይስ ጥርሱን አሳየ? ልዩነቱን አላውቅም ነበር፤ ግን እግሬ ውሃው ውስጥ እንዲቆይልኝ ስል “ጥርሱን አሳየ” እል ነበር።

ውሃው ይሸታል፤ ያ የሳንቲም ሽታ። እኔ የአሜሪካ ሽታ መስሎኝ ነበር፤ እዚህ አገር ብዙ ከቆየህ እንዲህ ነው የምትሸተው ብዬ። ክፍል ውስጥ ጫማዬን ሳወልቅ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። ቀስ በቀስ ብረት እየሆንኩ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ከሳይንስ ጠረጴዛ ላይ ማግኔት ሰርቄ አውራ ጣቴ ላይ ለጠፍኩ። ወደቀ። ማግኔቱ ተበላሽቷል ብዬ መለስኩት።

አንድ እሁድ ትኩሳት ያዘኝ። ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጋሼ ደምሴ ሺፍት ስለሌለው እንዲጠብቀኝ ተነገረው። እማዬ ከመውጣቷ በፊት ጆሮዬ ውስጥ፣ “ዓይንህን ጨፍነህ ጆሮህን ክፈት” አለችኝ። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አንድ ዓይኔን በቀዳዳ ትቼ ተኛሁ።

ጋሼ ደምሴ በካልሲ ወረደ። እጁ ላይ ኩባያ አለ። ወደ እኔ አየት አደረገና ራዲያተሩ ፊት ተንበረከከ። ከኪሱ ትንሽዬ ቁልፍ አወጣ፤ ከዚህ ቤት በር የአንዱንም የማትመስል። ብረቱ ጎን ላይ ሰክቶ አዞራት። ሽ…ው! ኩባያውን ወደ ብረቱ አስጠጋ። ከተኛሁበት የታየኝ ኩባያ ወደ አፍ ሲጠጋ ነው፤ ኩባያ ወደ አፍ ከተጠጋ ደግሞ የሚጠጣ አለ ማለት ነው። ጋሼ ደምሴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ተንፍስ፣ አይዞህ፣ ተንፍስ” አለው። ብረቱም ተነፈሰ! ከዚያ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ብረት ሄደ፤ ከዚያ ወደ ፎቅ። በየቦታው ሽ…ው።

ትኩሳቴ ጠፋ። ፍርሃት እንዲህ ያለ መድኃኒት መሆኑን ሐኪሞቹ አያውቁም።

ሲመለሱ እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ግንባሬን ዳሰሱና፣ “እሺ፣ ምን አደረገ?” አሉኝ።

“ብረቱን አጠጣው።”

“ምን አልክ?”

“ራዲያተሩን። በቁልፍ አፉን ከፍቶ በኩባያ አጠጣው። ‘ተንፍስ’ ሲለው ተነፈሰ።”

እትዬ ጌጤ አማተቡ። እማዬ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። “አላልኩም? አላልኩም? እዩት እንግዲህ! እሁድ እሱ ቤት ይውላል፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰኞ እሱ ይወጣል፤ ብረቱ ይስቃል!”

“ታዲያ እሱ ሲኖር ጸጥ ካለ” አለ አባዬ፣ “እሱን አስሮ ማስቀመጥ ነዋ።”

“ቀልድ አንተ!”

“ጌታው ሲወጣበት የማይጮህ ውሻ አለ?” አሉ እትዬ ጌጤ። “ለምዶታል፤ በእጁ አብልቶት፣ በእጁ አጠጥቶት ለምዶታል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ እነግርሃለሁ፣ ዝም ያለ ሰው የማይነቅዘው ውጪው ነው።”

“እትዬ፣ ደምሴ እኮ ነው! ካርቱም አንድ ዳቦ ነው የተካፈልነው።”

“ያኔ ብረት አልነበራችሁም።”

አባዬ ግን እስከ ሐሙስ ተቋቋመ። ሐሙስ ማታ ብረቱ እንዲህ ሳቀ መሰላችሁ፣ እማዬ የያዘችው ድስት ክዳን ወለል ላይ እንደ እንዝርት ሾረ። “ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ ወደ አፓርትመንቴ!” አለች። አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የአገራችንን ሰው ቤትህ አስጠግተህ “ውጣልኝ” አትለውም። አፍ አውጥቶ እንዲህ የሚል ሰው፣ ቀባሪ አያገኝም። የሚባለው በሽማግሌ ነው። አባዬ ስልኩን አነሳና ጋሽ ወልዴን ጠራቸው።

ጋሽ ወልዴ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ንግግር ሲጀምሩ ከኖኅ መርከብ የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ አንዱ ሁልጊዜ የሚስማማ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚተኛ። የዚያን ቀን በረዶው ጉልበት ድረስ ነበር (ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው የሚል ሰው ካለ ያኔ እኔን ያህል አጭር አልነበረም)። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ወልዴ ለወጉ ብለው ነጭ ካልሲ አድርገው ነበር።

ጋሼ ደምሴ ተጠርቶ ወረደ። ሽማግሌዎቹን ተደርድረው ሲያያቸው ገባው። ፊቱ እንደታጠበ ሰሌዳ ባዶ ሆነ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ረጃጅም እጆቹን ጉልበቱ መሃል አስገባ።

“ልጃችን ደምሴ” አሉ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ “ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ክፍል ክፍል አድርጎ ነው የሠራው። ለምን ክፍል ክፍል አደረገው? አንበሳው በግ አጠገብ…”

“ጋሽ ወልዴ” አለ ጋሼ ደምሴ። “የሚስቴ ጉዳይ በዚህ አድራሻ ነው ያለው። ሌላ ምንም አልልም። እሷ እስክትገባ ብቻ።”

የሚስማማው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ወልዴ መርከቡን የት እንዳቆሙት ጠፋባቸው። በዚህ መሃል እትዬ ጌጤ ከኩሽና በኩል የእንግዶቹን እግር አዩ።

እትዬ ጌጤ አንድን ሰው ከቤት ሊያስወጡ ይችላሉ። እንግዳን በረጠበ እግር ማስቀመጥ ግን አይችሉም። ወዲያው ወደ ቤዝመንት ሲወርዱ ሰማሁ። እንዲህ ባለ ሰዓት መጸለያቸው ገረመኝ። ተመለሱ፤ ሰማያዊውን ሳፋ ተሸክመው እየተንገዳገዱ።

“በሉ፣ እግራችሁን ስጡኝ። ነገሩ በሞቀ እግር ይሻላል።”

“ኧረ እትዬ፣ ይተዉ!”

“ስጠኝ ብያለሁ፣ ወልዴ!”

ጋሽ ወልዴ በክብር፣ ከነነጭ ካልሲያቸው አንድ እግራቸውን ነከሩ። “አንበሳው በግ አጠገብ…” ብለው እንደገና ሊጀምሩ ነበር። ወደ ታች አዩና ቆሙ። ውሃው ቀለም ነው። እንደ ጥቁር ቀለም። እግራቸውን ሲያወጡት ካልሲው ከሌላ ሰው ጥቁር ሱሪ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ሽታው ሳሎኑን ሞላው። የሚተኛው ሽማግሌ ነቃ።

“እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው?”

“ውሃ ነው እንጂ! ሌላ ጊዜ እንደ ጠላ አጥልዬ ነው የማመጣው፤ ዛሬ ስድስት እግር መጣብኝ፣ መቼ ላጥልለው?”

ጋሼ ደምሴ ከወንበሩ ተነስቶ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለ። አሸተተ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ፈጥኖ ፎቅ ወጣና ኩባያውን ይዞ ወረደ። ለጋሽ ወልዴ አፍንጫ አስጠጋው። “ይኸው፣ እሁድ ያወጣሁት፤ ጥቁረቱ ገርሞኝ አስቀምጬው ነበር። አንድ ውሃ ነው!”

“ከየት ያወጣኸው?” አለ አባዬ።

ጋሼ ደምሴ ኪሱ ገብቶ ትንሿን ቁልፍ አወጣ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ክፍሉን ስገባ ራዲያተሩ ላይ ተሰክታ አገኘኋት። ዞር ሳደርጋት አየር ወጣ፤ ከዚያ ትንሽ ውሃ፤ ከዚያ ብረቱ ዝም አለ። እና እሁድ እሁድ ሁሉንም ዝም አሰኛቸዋለሁ። ሰኞ ግን ተመልሰው ይጮኻሉ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።”

“ታዲያ ለምን አትነግረንም?”

“እንዴት ብዬ?” አንገቱን ደፋ። “በስንት ጣር ገዝታችሁ፣ ቤታችሁ ይጮኻል ልበል? ያስጠጋህን ሰው ቤት ነውር ታወራለህ?”

ከዚያ አባዬ በዝግታ ወደ ሳፋው ዞረ። “እትዬ፣ እርስዎስ? ይሄን ውሃ ከየት ነው ያመጡት?”

“ከታች ነዋ፣ ከትልቁ ብረት።” የሚጠየቁት ነገር አልገባቸውም። “ሆዱ ሙሉ ሙቅ ውሃ ይዞ ዝም ብሎ ተጎልቷል። ሥሩ ላይ ቧንቧ አለው። ሙቅ ውሃ እያለ ሌላ ማፍላት ግፍ አይደለም?”

ሁላችንም ወረድን። ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ያለ ጫማ፣ ጋሽ ወልዴ አንዱ ካልሲያቸው ጥቁር አንዱ ነጭ ሆኖ፤ አባዬ፤ ጋሼ ደምሴ አናቱ ጣሪያውን እንዳይመታ ጎንበስ ብሎ፤ እኔ ደግሞ ሱሪውን ይዤ። እማዬ አልወርድም ብላ ከላይ ቀረች። ቤዝመንቱ ውስጥ የእትዬ ጌጤ የጸሎት መጽሐፍ ባልዲ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። እትዬ ጌጤ ቦይለሩ ሥር ያለችውን፣ ለጥገና ብቻ የምትከፈተውን ቧንቧ ከፈቱ። ጥቁር ውሃ ሽርርር ብሎ ባልዲው ውስጥ ገባ። ወዲያው ከጣሪያው ሥር ያለው ቀጭን ቧንቧ ሽ… ብሎ መዝፈን ጀመረ።

“ሳቀ!” ብላ ጮኸች እማዬ ከላይ። “የሳሎኑ ሳቀ!”

“ዝጉት” አለ አባዬ። ዘጉት።

“ቆመ!”

“ክፈቱት እስቲ።”

“አሁን የፎቁ! ኡኡ፣ የፎቁ ሳቀ!”

በኋላ እንደተረዳነው፣ ያ ውሃ ቤቱን ሲዞር የሚኖር አንድ ውሃ ነው፤ የሚቀዳ አይደለም። እትዬ ጌጤ በቀዱ ቁጥር ቦይለሩ የጎደለውን ከከተማው ቧንቧ እየጠጣ ይተካል። አዲሱ ውሃ አየር ተሸክሞ ይገባል፤ ሲሞቅ አየሩ ከውሃው ይለይና በየብረቱ አናት ተሰብስቦ ይንቦጨቦጫል። እሁድ ሰንበት ነው ብለው አይቀዱም፤ ጋሼ ደምሴም የዚያን ቀን አየሩን ያስወጣል። አንዱ እያስገባ ሌላው እያስወጣ፣ ሳይተያዩ፣ ዊንተሩን ሙሉ ሲሠሩ ነበር የኖሩት። የገባው አየር ግን የተቆጠረው በሚያስወጣው ሰው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሳቀው የሚተኛው ሽማግሌ ነው። ከዚያ ሁሉም፤ አባዬ ግድግዳውን ይዞ። እትዬ ጌጤ ብቻ ተቆጥተው ቆሙ። “ሙቅ ውሃ ዘግቶ የሚያስቀምጥ አገር! በዚህ ላይ በእኔ ይሳቃል እንዴ?”

ሽማግሌዎቹ በባዶ እጃቸው መመለስ አልፈለጉም። ለማስወጣት የመጡበትን ጉባኤ ለማስታረቅ ገለበጡት። እማዬ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ጌጤ ግን አፋቸውን አጥብቀው ኩሽና ገቡ። ተቀየሙ ብለን ስንሾካሾክ ሳፋውን ይዘው መጡ። ጋሼ ደምሴ ፊት ቁጭ አሉ፤ እሱ የተንበረከከበት ቦታ ላይ፣ ብረቱ ሥር።

“ደምሴ፣ እግርህን ስጠኝ።”

“በስመ አብ! እትዬ፣ እርስዎ እኔን?”

“ስጠኝ። በማንቆርቆሪያ ያፈላሁት ነው፤ ከብረቱ አይደለም።”

ጋሼ ደምሴ ለመነ፤ ወደ አባዬ አየ፤ ማንም አላዳነውም። ካልሲውን አወለቀ። ዌርሃውስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምባቸው ሰፋፊ እግሮቹ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። እትዬ ጌጤ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ አንድም ነገር አልጠየቁትም። ጨርሰው በነጠላቸው ጫፍ ሲያደርቁለት ብቻ፣ “ስሟ ማን ነው፣ ሚስትህ?” አሉት።

“አበባ።”

“ስትመጣ እኔ ነኝ በር የምከፍት።”

አበባ በዚያው አድራሻ፣ በዚያው በር ገባች፤ በሩንም እሳቸው ከፈቱ። ጋሼ ደምሴ የራሱን ቤት ይዞ ሲወጣ ያቺን ትንሽ ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ “እሁድ እሁድ አስተንፍሰው” አለኝ። የማዳመጥ ጥበቤ ትምህርት ቤቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ዲግሪ የለኝም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ አየሩን ሁሉ አስወጥቼ፣ ቁልፌን ኪሴ ከትቼ፣ ለሳምራዊት በኩራት፣ “ቤቱ ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ። ያቺን ዝምተኛ ጓደኛሽን ጠይቂያት” አልኳት።

“ሲሪየስሊ፣ ዳድ?” አለችኝ፤ ጆሮዬን ሳይሆን ጫማዬን እያየች። ምን እንደጠረጠረች አላውቅም፤ ግን የእትዬ ጌጤ ደም አለባት።

ልጅቷ ምንም አላደረገችም። ልጄን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር “ቦይለሩን ቼክ ላድርግ” ብዬ ቤዝመንት እወርዳለሁ። በሩን ከውስጥ እዘጋለሁ። ሥሩ ያለችውን ቧንቧ ከፍቼ አንድ ሳፋ ጥቁር ሙቅ ውሃ እቀዳለሁ፤ ባልዲ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እግሬን እነክራለሁ። ማጥለሉን እንኳ አልጠብቅም። የልጄን ቤት የሚያስቀው እኔ ነኝ፤ የማደርገው ካልሲም ሁሉ ጥቁር የሆነው ለዚሁ ነው።